የፍልሰታ ቁርስ

እናቴ ሰው ፊት መብላት ታፍር ነበር። ሠርግ ቤት እንኳ ሁለት ሦስቴ ጎርሳ እጇን ትሰበስባለች። እኔን ግን «ጨምሪ» እያለች ከመሶብ እስክነሣ ታስጨንቀኛለች። ይህን ጠባይዋን እያወቅሁ ያን ምክር መምከሬ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ሞጣ ላይ ነርስ ሆኜ ስመደብ እሷ ብቸና ብቻዋን ቀረች። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ከእኔ ሌላ ልጅም የላትም። ስኳር እንዳለባት የታወቀው በዚያው ዓመት ነው። በየቀኑ ሕመምተኛ የማስተምረውን ለእሷም አስተማርኋት፤ እንጀራው ቀነስ፣ ጎመንና ምስሩ በርከት፣ ጠላ እርም። የጠላውን ስነግራት ሳቀች። «ከመቼ ወዲህ ነው የጎጃም ሴት ጠላ የምትከለከለው?» አለችኝ። ግን ተወችው። ከሁሉ አብልጬ ያስጠነቀቅኋት ስለ ኪኒኑ ነው። ኪኒኑ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ጠዋት ተውጦ ወዲያው እህል ካልተበላ ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ሰው ይጥላል።

ለጥቂት ወራት ደኅና ከረመች። ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

በፍልሰታ እኛ አገር ሕፃን እንኳ ይጾማል። ሰዉ እኩለ ቀን ላይ ተጠራርቶ ቅዳሴ ይሄድና ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይፈታል። እናቴ በሁለተኛው ቀን ኪኒኗን ዋጠች፣ እህል ሳትቀምስ ሄደች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ወደቀች። ደውለው የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ አጥር የሚጋሩን ሴትዮ፣ የእናቴ እኩያ። «ሞታለች ብለን ነበር ልጄ። ስኳር በጥብጠው ቢያጠጧት ነቃች» አሉኝ።

በማግስቱ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ በጉንደ ወይንና በደብረ ወርቅ አድርጌ ብቸና ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ዝናብ ነበር። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ጾሜን አታስፈቺኝም» አለችኝ።

ጮህሁባት። ጩኸቱ ሳይሠራ ሲቀር ለመንኋት። ልመናውም አልሠራ ሲል ሄጄ የንስሐ አባቷን ይዤ መጣሁ። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ከጃንጥላቸው ውኃውን አራግፈው መደቡ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ከእኔ ሰሙ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» አሏት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቴ አንገቷን ደፋች።

«ይህ ሥጋ የራስሽ መሰለሽ? አደራ ነው እኮ። ባለቤቱ አደራዬን ሲል ምን ልትመልሺለት ነው? አስርቤ ገደልሁት ልትዪው ነው? በይ፣ ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የጾም እህል ትቀምሻለሽ። ቀኖናሽ ይኸው ነው። የምትጠየቂው ካልበላሽ ነው።»

«እሺ አባ» አለችና መስቀላቸውን ተሳለመች። ከደረቴ ላይ ድንጋይ ወረደልኝ።

እሳቸው ሲሄዱ ግን ሌላ ነገር አመጣች። «እግዜርስ እሺ፣ አባ ፈቱኝ። ሰውስ? የሰፈሩ ሕፃን እየጾመ እኔ አሮጊቷ በጠዋት ሳላምጥ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?»

እኔ ለአውቶቡስ እየቸኮልሁ ነበር፤ ነገ ተረኛ ነኝ። «እንግዲያው በሩን ቀርቅሪና ብይ! ማን ያይሻል?» አልኋት። ፊቷ በራ። በገዛ ብልሃቴ ተደስቼ ሞጣ ገባሁ።

በየጠዋቱ እደውል ነበር። «በላሽ?» ስላት «በላሁ፤ የገብስ ቂጣ በተልባ» ትለኛለች። «በሩስ?» ስላት «ተቀርቅሯል» ትላለች፣ እንደሰረቀ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እኔ እስቅ ነበር። መሳቄ ዛሬ ያናድደኛል፤ እንደዚያ እየተሳቀቀ የሚበላ ሰው አደጋ ላይ እንዳለ እኔ ነርሷ ማወቅ ነበረብኝ።

ከተመለስሁ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ስደውል አላነሣችም። በክረምት ኔትወርክ ይጠፋል ብዬ ሥራዬን ያዝሁ። እኩለ ቀን አልፎ ደገምሁ። ይጠራል፤ አይነሣም። የሚጠራ ስልክማ ኔትወርክ አለው።  ጎረቤታችን ጋ ደወልሁ፤ ዝግ ነው። ሌላም ሌላም ሞከርሁ፤ ሰፈሩ በሙሉ ቅዳሴ ላይ ነው። መርፌ እየወጋሁ፣ ካርድ እየጻፍሁ ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የረዘመ ቀን አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጎረቤታችን ደወሉ። «በሩ እምቢ አለን። ከውስጥ ተቀርቅሯል» አሉኝ። ስልኩን ሳይዘጉት በሩ በመጥረቢያ ሲመታ ሰማሁ። ቀጥሎ ዋይታቸውን ሰማሁ።

ከመደቡ ሥር ነው ወድቃ የተገኘችው። ቂጣው ሳህኑ ላይ በጨርቅ እንደተሸፈነ ነበር። አልተቆረሰም።

በለቅሶው ላይ ሰዉ ጎረቤታችንን ማማት ጀመረ፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ገብተው ብዙ ተቀምጠው ነበርና። እኔም ቂም ያዝሁባቸው። በሠልስቱ ዕለት ራሳቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሻማ ልዋስ ብዬ ነበር የገባሁ» አሉ። «ልወጣ ስል ዝናቡ ዶፍ ሆነ። ቁጭ በይ አለችኝ፤ ቁጭ አልሁ። ስልኳ ሲጠራ አየት አድርጋ ተወችው። በዚያ ብርድ ላብ ላብ ሲላት አየሁ። ምነው ብላት ምንም አለችኝ።»

«ብይ አይሏትም ነበር?»

«በፍልሰታ? እንዴት ብዬ?» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ደግሞ እኔም ሆዴ እየነደደኝ ነበር ልጄ። ጨጓራ አለብኝ። አባ ጠዋት ቅመሺ ካሉኝ ሦስት ፍልሰታ ሆነኝ። እንዳታውቅብኝ ብዬ ዝም አልሁ። ዝናቡ ሲያባራ ሮጬ ቤቴ ገባሁና በላሁ። እኩለ ቀን ላይ ለቅዳሴ ልጠራት ብመጣ በሩ አልከፈት አለኝ፤ ቀድማኝ ሄዳለች ብዬ አለፍሁ።»

ሁለቱም የአንድ ቄስ የንስሐ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ተፈቅዶላቸዋል። ተፋፍረው፣ በረሃብ ተፋጠው፣ ዝናብ ሲጠብቁ አረፈዱ።

«የማይገባኝ በሩ ነው» አሉ። «እዚህ ቤት ስትኖር በቀን ቀርቅራ አታውቅም። ምን አስቀረቀራት?»

«እንጃ» አልኋቸው።

በዚህች ቃል ዓመቱን ሙሉ ተቃጠልሁ። እሳቸውም «እኔ ነኝ ያስራብኋት» እያሉ ጠዋት መቅመስ እንደተዉ፣ ደም እስከ ማስታወክ እንደደረሱ ሰማሁ። ፍልሰታ ተመልሶ ሲገባ ፈቃድ ጠይቄ ብቸና ሄድሁ። በማለዳ ቤታቸው ገባሁ። ጉንጫቸው ሟሽሾ፣ ዐይናቸው ጎድጉዶ ነበር።

«በሩን ቀርቅሪ ያልኋት እኔ ነኝ» አልኋቸው። «እርስዎ አልገደሏትም። አሁን ደግሞ እርስዎ በእሷ መንገድ እየሄዱ ነው።»

 ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሥተው ጓዳ ገቡ፤ ቂጣ ይዘው ወጡ። ከዚያ ገርበብ ብሎ የነበረውን በር ወለል አድርገው ከፈቱትና ደፉ አጠገብ ተቀመጡ። ቆረሱ። ጎረሱ።

በበራፉ አንድ ሰው ከነጃንጥላው ሲያልፍ አየን። ጎረቤታችን ማላመጣቸውን አቆሙ። ሰውዬው ቀና ብሎ አየን፤ ቂጣውንም አየ።

«እንዴት አደራችሁ» አለና መንገዱን ቀጠለ። ሌላ ምንም አላለም።