ረቡዕ ጠዋት ወደቡ ላይ ያላነበብሁት ወረቀት

ሦስት የንስሐ አባቶች ቀብሬያለሁ። ለሦስቱም ጾም መሻሬን፣ ቁጣዬን፣ በጎልማሳነቴ ያጠፋሁትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይህችን ግን ለአንዳቸውም አልነገርሁም። ለባለቤቴ አልነገርሁም፤ ለእናቴም አልነገርሁም። አንድ ጊዜ ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ ስለ ዝናብ አወራሁ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገር። ፈሪ ሰው ኑዛዜውን የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ ከማያውቀው ሰው ፊት።

ቶሎ ልበለውና ይውጣልኝ። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ባሕር ዳር ወደቡ ላይ፣ ማንበብ የነበረብኝን ወረቀት አላነበብሁም። የማክሰኞውን አነበብሁ። ከዚያ የረቡዑን አንብቤያለሁ ብዬ ፈረምሁ። ከዚያም አንብቤያለሁ ብዬ በሰው ላይ መሰከርሁ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ዝርዝሩ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ በከተማው በአንድ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ያ ተቅማጥና ትውከት ከአገር አገር እየዞረ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ለነዋሪው በየቀኑ መግለጫ ይሰጠው ተባለ። ወረቀቱ በስቴንስል ይባዛል፤ በየቀበሌው ይለጠፋል፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ድምፅ ማጉያ በተሰቀለበት ላንድሮቨር እየተዞረ ይነበባል። አንባቢው እኔ ሆንሁ። ለምን እኔ? አባቴ ዘጌ ላይ መሪጌታ ነበሩ፤ ድምፄን የገሩት እሳቸው ናቸው። ዜማ ተምሬ ለቤተ ክርስቲያን ያልሆንሁት ሰው ለመንግሥት መኪና ሆንሁ።

ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። የታመመ ሰው ቤት አትደብቁ፤ ለቀበሌ አስታውቁ። ዛሬ ገበያ አለ፤ ነገ ገበያ የለም። በየጠዋቱ ይህንኑ እላለሁ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አረፋው በእጃቸው እንዳለ እስከ አጥሩ ይወጣሉ። ከዘንዘልማ እንጨት ጭኖ የመጣ ገበሬ አህያውን አቁሞ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ወንጌል የሚነበብ ይመስል። ሰው በዚያ ጊዜ ካድሬውን አያምንም። እኔን ግን ያምናል፤ የመሪጌታ ልጅ ነኝና። እንደሚያምነኝ አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። ደስም ይለኝ ነበር።

ሾፌሩ ከሸዋ የተዛወረ ዝምተኛ ሰው ነው። ድምፅ ማጉያው ከራሱ በላይ ስለሚጮህበት ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል። እኔ ምን እንዳነበብሁ ምን እንዳላነበብሁ አያውቅም። እግዜር አንድ ምስክር እንኳ ከጎኔ አላስቀመጠም እላለሁ አንዳንዴ። አያችሁ፣ አሁን ደግሞ ጥፋቱን ወደ እግዜር ልወረውር ነው።

አባቴ ያረፉት ሕመሙ ሳይመጣ ነው፤ በእርጅና። አርባቸው ሐሙስ ይውል ነበር። እናቴ ዘጌ ላይ ጠላውን ጠምቃ፣ በሬውን አስገዝታ፣ ዳሱን አስጥላ ትጠብቃለች። የአርባ ቀን ተዝካር ወደ ሌላ ሳምንት አይገፋም፤ ነፍስ ፍታት የምትጠብቅበት ቀን ነው። ባሕር ዳር ያሉ ዘመዶቻችንና የአባቴ ደቀ መዛሙርት ረቡዕ ማለዳ በታንኳ ሊሻገሩ ተነጋግረው ጨርሰዋል። በየብስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሽማግሌና ጭነት አይችለውም።

ማክሰኞ በአሥር ሰዓት የረቡዑ ወረቀት እጄ ገባ። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ታንኳ ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ደሴቶቹ እንዳይሻገር፤ ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለማኅበር መሰብሰብም ተከልክሏል ይላል። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ብዙ ሰው ይህን ቢሰማ ካድሬዎቹ ተዝካርን ለማስቀረት የፈጠሩት ሰበብ ነው ይል ነበር። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነው ብል ባማረልኝ! ግን ሰበብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጤና ረዳቱ፣ የሠፈሬ ልጅ ነው፣ በዚያው ዕለት ጠዋት ነግሮኛል። ዘጌ እስካሁን ንጹሕ ናት፤ አንድ ሰው ይዞት ከገባ ግን እዚያ ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ጎጆው ተጠጋግቶ፣ ሁሉም የሚጠጣው ከሐይቁ ነው፣ አለኝ። ሰምቼዋለሁ። ራሴንም ነቅንቄያለሁ።

ሌላም አለ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ሰኞ ከቆላ መጥቶ እኔ ቤት አርፏል። ሰሊጥ ነጋዴ ነበር። ማክሰኞ ምሳ አልበላም። መንገዱ ሆዴን በጥብጦት ነው፣ ያልፋል አለ። ፊቱ ገርጥቶ ከንፈሩ ደርቋል። የሕመሙን ምልክት በየጠዋቱ በድምፅ ማጉያ የሚዘረዝረው ማን ነው? እኔ ነኝ። አጎቴን አይቼ ምልክቱን አላወቅሁትም ልበል? አወቅሁት። ሎሚ ጨምቄ አጠጣሁትና ያልፋል አልሁ፤ እኔም።

አንድ ቀን ምን አላት አልሁ። ጠዋት ወደቡ ላይ የትናንቱን አነባለሁ፤ ሰዎቻችን ይሻገራሉ፤ ከዚያ ከተማውን ስዞር አዲሱን አነባለሁ፤ ማንም አይጎዳም፤ እናቴም በሰው ፊት አታፍርም፤ አባቴም ይፈታሉ። እንዲህ አድርጌ ቀመርሁት።

ረቡዕ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደቡ ላይ ነበርን። ዘመዶቼ ጭነታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ አጎቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ጉማጅ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ታንኳው የአያ ስንሻው ነው። አያ ስንሻው የዘጌ ሰው፣ አባቴን ስንት ዘመን ያሻገረ፣ ደንገል አጭዶ ታንኳውን በእጁ የሚሠራ ሽማግሌ ነው። በየጠዋቱ የእኔን ድምፅ ሳይሰማ መቅዘፊያውን ከውሃ አይነክርም። ዛሬም ቆሞ ጠበቀ። እኔ የማክሰኞውን ወረቀት አወጣሁና ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ አልሁ። እጃችሁን ታጠቡ አልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አያ ስንሻው እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ አማትቦ፣ አጎቴን ክንዱን ይዞ አሳፈረው። በየወረቀቱ ጀርባ የተነበበበት ቦታና ሰዓት ተጽፎ ይፈረማል። በረቡዑ ወረቀት ጀርባ «ወደብ፣ 12 ሰዓት» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። በሁለት ሰዓት ገበያው ላይ ታንኳ እንዳይሻገር ብዬ በዚያው ድምፅ አወጅሁ።

እኔ ተዝካሩ ላይ አልደረስሁም፤ ሥራ ላይ ነበርሁ። ወሬው የመጣልኝ ቅዳሜ ነው፤ በእግሩ ዞሮ በመጣ ሰው። አጎቴ ሐይቁ መካከል ሳሉ ታንኳው ውስጥ ማስታወክ ጀመረ። አያ ስንሻው ለቅሶ ቤት እንዲህ ሆኖ አይገባም ብሎ አዝሎ ወደ ራሱ ጎጆ ወሰደው። ሚስቱ ሙጪት ልብሱን አጠበች፣ አጠጣችው፣ ጠረገችው። ሐሙስ ለአባቴ ፍታት ሲደርስ አጎቴ እዚያ ጎጆ ውስጥ ሞተ። አርብ ሙጪት ሞተች። ከዚያ በኋላ ጎረቤቷ፣ ከዚያ የጎረቤቷ ሕፃን፣ ከዚያ ዳስ ውስጥ ጠላ ሲቀዳ የዋለው ጎልማሳ። በስማቸው አውቃቸዋለሁ። እዚህ አልጽፋቸውም፤ ልጆቻቸው አሉ።

ሰኞ ጠዋት ምን እንዳነበብሁ ልንገራችሁ? «አንዳንድ ኃላፊነት የጎደላቸው ባለታንኳዎች የተሰጠውን ማስታወቂያ በመጣስ ሕመሙን ወደ ዘጌ አሻግረዋል።» ይህን ያነበብሁ እኔ ነኝ። ወደቡ ላይ ነው ያነበብሁት። በዚያች ጠዋት እንኳ መኪናውን አቁም ማለት አልችልም ነበር? ማይክራፎኑን አስቀምጬ መውረድ አልችልም ነበር? እችል ነበር። እስከ ነጥቡ ድረስ አነበብሁት።

አያ ስንሻውን ከሚስቱ ለቅሶ አንስተው አመጡት። የጠየቀው የቀበሌ ኮሚቴ ነው። እኔ ምስክር ተብዬ ተጠራሁ። አያ ስንሻው ጥቁር ከል እንደለበሰ ቆሞ እንዲህ አለ፦

«እግዜር ያሳያችሁ፣ ውሃ አፍሉ ብቻ ነው ያለ። ስለ ታንኳ ያነሳው የለም። የመሪጌታን ልጅ ድምፅ እኔ ላጣት ነው?»

የተሻገሩት ዘመዶቼ ታንኳ ታግዶ ዘጌ ቀርተዋል፤ ሌሎች ሁለት ባለታንኳዎች ግን በዚያ ጠዋት እዚያ ነበሩ። እንጨት ስናወርድ ነበር፣ ልብ አላልንም አሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የሚገባው ዝንብ ብቻ አልነበረም። አልፈርድባቸውም። ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «ጓድ፣ ታንኳ አይሻገር የሚለውን ወደቡ ላይ አንብበሃል?» አለኝ። ፊርማዬ ያለበትን ወረቀት ይዞታል። እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? እታሰር ነበር፤ ከዚያም የባሰ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ለማመካኛ አላነሳሁትም። አያ ስንሻውም ያው እንደሚታሰር አውቅ ነበርና፤ የምመርጠው ማን ይታሰር የሚለውን ነበር። «አዎ፣ አንብቤያለሁ» አልሁ። አያ ስንሻው አየኝ። ቁጣ አላየሁበትም። ግራ የገባው ሰው ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ታሰረ። ታንኳውን ወደቡ ላይ አቃጠሉት። እርጥብ ደንገል ቶሎ አይነድም፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ሲጨስ ከቢሮዬ መስኮት ይታየኝ ነበር። ሲፈታም በታንኳ የሚሳፈርለት አላገኘም። በሽታ አሻጋሪው ይሉታል። በገዛ አገሩ ማኅበሩ አስወጣው፤ ለሙጪት የመንፈቅ ተዝካር የሚመጣለት ሰው አጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። አልጠራም። እኔ አፌን ዘግቼ በምን ይጠራል?

አሁን የመጨረሻዋን ልንገራችሁ። ይህችን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ቤቱን ዞሬያለሁ።

ለአባቴ ሙት ዓመት ዘጌ ሄድሁ። ሰው በልቶ ጠጥቶ እንደ ተቀመጠ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ግቢያችን ገቡ፤ ከኋላቸው አያ ስንሻው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። በድሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚመጣው። እኔ መጀመሪያ ማንን እንደበደለ አልገባኝም። ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ማኅበሩ የሚቀበለው እሱ ስሙን በሐሰት ካነሳበት ሰው ጋር ሲታረቅ ነው ተብሏል አሉ። የኔን ስም ማለታቸው ነው። አያ ስንሻው ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ተናገረ፦

«እስር ቤት ሆኜ ሳስበው ሳስበው ከረምሁ፣ ልጄ። ጆሮዬ ነው የከዳኝ። ሞተሩም ይጮህ ነበር፣ ነፋሱም ነበር። አንተ አነበብሁ ካልህ አንብበሃል፤ የመሪጌታ ልጅ አይዋሽም። ሙጪትን የገደልኋት እኔ ነኝ። አንተን ዋሾ ያልሁበትን ይቅር በለኝ።»

ለይስሙላ አልነበረም። አምኖታል። ያችን ጠዋት በልቡ ሲያገላብጣት ከርሞ፣ እኔ ካነበብሁት ይልቅ እኔ ያላነበብሁትን ሰምቷል፤ ሚስቱን በገዛ እጁ እንደገደለ አምኖ ነው ከፊቴ የቆመው። እናቴ እያለቀሰች «ተው ልጄ፣ ይቅር በለው፣ የአባትህ ቀን ነው» ትለኛለች። ሰው ሁሉ እኔን ያያል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ አላነበብሁም ማለት። ያችን አንድ ቃል ብናገር ያ ሽማግሌ ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ደርግም፣ ቀበሌም፣ ፊርማም እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበሩም። የከለከለኝ ማንም አልነበረም።

ተነሣሁና ድንጋዩን በሁለት እጄ ከጫንቃው አወረድሁለት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁት። እልል ተባለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ፤ እኔም አነሣሁትና ጉንጩን ሳምሁት። ሰው መልካም ልጅ ነው፣ የአባቱ ልጅ ነው አለኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲሞት ቀብሩ ላይ ነበርሁ፤ እዚያም አልተናገርሁም።

እንግዲህ ይህ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ እንዴት እንደሚሰጥ አይቻለሁ፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።