ነጭ ሽንኩርት መድኃኒት ነው እንዴ?

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ይህን የማነሳው ለጉራ ሳይሆን የሠራሁት ሥራ ምን ያህል እንደሚያሳፍር እንዲታወቅልኝ ነው።

እግሬ ላይ ደም ረግቶብኝ ከታከምኩ በኋላ የደም ማቅጠኛ ክኒን ታዘዘልኝ። «ማቅጠኛ» የሚለውን ቃል ወደድኩት። ቀጭን ጥሩ ከሆነ በጣም ቀጭን የበለጠ ጥሩ ነው ብዬ ደመደምኩ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር ተለውሶ ሲበላ ደም ያቀጥናል ስትለን ቀድሜ የተስማማሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ግን መጀመሪያ ሐኪሟን ጠይቅ አለችኝ።

ቀጠሮዬ ደርሶ ሄድኩ። የባዮሎጂ መምህር ስለ ሽንኩርት ሲጠይቅ ታየኝና አፈርኩ። ሐኪሟ ራሷ ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ስትጠይቀኝ የለም አልኳት። ሽንኩርት የወጥ እንጂ መቼ መድኃኒት ሆኖ ያውቃል? ለባለቤቴ ግን ተፈቅዷል አልኳት። እሷም በየሳምንቱ እየላጠች፣ እየወቀጠች፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት ማንኪያ ታጎርሰኝ ጀመር።

አንድ ጠዋት ጢሜን ስላጭ ምላጩ ጫር አደረገኝ። ደም እንዴት እንደሚረጋ ለባለቤቴ ማብራሪያ ስሰጥ ፎጣው ራሰ። ድዴም መድማት ጀመረ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት አፌ በደም ተለውሶ አይተው ማን እንዲህ እንዳደረገኝ ጠየቁኝ። ራሴ ነኝ አልኳቸው፤ እውነት መናገሬን ያኔ አላወቅሁም።

ከባለቤቴ ጋር ሐኪሟ ዘንድ ሄድን፤ የደም ምርመራውን አይታ ደነገጠች። ደሜ ከልክ በላይ ቀጥኗል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ቢፈስ ኖሮ አልተርፍም ነበር። ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። አሁንም የለም አልኩ።

«እርስዎ የፈቀዱለት ሽንኩርትና ዝንጅብልስ?» አለች ባለቤቴ።

«እኔ አልፈቀድኩም፣ እናቴ። ከክኒኑ ጋር ደም ያፈሳል። እሳቸውም አልነገሩኝም።»

እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ቀስ ብላ እጆቿን አየቻቸው።

«ብትሞት እኮ በገዛ እጄ የገደልኩህ እኔ ነበርኩ» አለችኝ።

ደሜ ሲፈስ ያልፈራሁት እኔ ያን ጊዜ ፈራሁ።