በስሜ አጠገብ የተቀመጠው ጣት

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሕዝብ ዩኒቨርሲቲ እንዲከፈት በጠየቅንበት ወረቀት ላይ ስሜን በገዛ እጄ ጽፌ ነበር። ኮሚቴ ተብዬዎቹ የእጅ ጽሑፌን አውጥተው ጣሉና በምትኩ የእኔ ያልሆነ አውራ ጣት አተሙበት። ከእኔ በኋላ የጻፉትን አምስት ሴቶችም እንዲሁ አደረጓቸው። በደሉ ይህ ነው። ትንሽ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እሱ ትንሹን በደል ይልመድ፤ እኔ አልለመድሁም።

ዩኒቨርሲቲ መጠየቁን አልጠላሁም። ማን ይጠላል? እዚህ አገር ልጅ ፈተና ሲያልፍ የምንሸኘው ዘመቻ እንደ ደረሰው ሰው ነው። አንዱ ወደ ደቡብ፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ይመደባል፤ መንገድ ሲዘጋ እዚያው ይቀራል። የልጅ ልጄማ ገና ሳትሄድ መንገዱ ተዘግቶባት ዓመቱን ሙሉ ደብተሯን አቅፋ ቤት ተቀመጠች። «ለዞኑ አንድ አለላችሁ» ይሉናል። አንድ እንጀራ ለስንት ቤት እንደሚበቃ እነሱ ያውቃሉ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሊጠየቅ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ጆሮዬ ቀጥ አለ።

ወሬውን ይዘው የመጡት ግን እነዚያው ነበሩ፤ ከየስብሰባው የፊት ወንበር የማይጠፉት። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጣ ሹም ነው። እሱ ከወንበሩ ቢነሣም ወንበሩ ከመቀመጫው አልተነሣም። ጸሐፊያቸው አስተማሪ ነው፤ ሰብሳቢው ሲያስነጥስ መሐረብ የሚፈልግ ዓይነት።

የመጀመሪያውን ስብሰባ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ በገበያ ቀን አደረጉት። ሰው ገብሱንና ባቄላውን ሸጦ ሲመለስ ያዙት። የስማዳው «ወገዳ ይሁን» አለ፤ የላይ ጋይንቱ «ንፋስ መውጫ» አለ፤ የእስቴው «ከእኛ ወዲያ ማን አለ?» አለ። አንድ ድንጋይ ሳይፈለጥ በሩ ወደ የት እንደሚዞር ሊፋጁበት ደረሱ። አንድ ነጋዴ ተነሥቶ «ውሃ ያለው እኛ ዘንድ ነው» ሲል፣ ከኋላዬ አህያውን ይዞ የቆመ ገበሬ «ጌታው፣ ሊያስተምሩ ነው ወይስ ከብት ሊያጠጡ?» አለው። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ከፊት የተቀመጡት አልሳቁም። በመጨረሻ ቦታውን መንግሥት ይምረጥ፣ እኛ ፊርማ እንሰብስብ ብለው ተበተኑ። ይህን ለመወሰን ግማሽ ቀን ፈጀባቸው።

ወደ እኛ ቀበሌ የመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጸሐፊው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሰብሳቢው ከጎኑ ቆሞ ጠበቁን። ወረቀት፣ እስክሪብቶና የማኅተም ቀለም ነበራቸው። ወንዶቹ ቀደሙ፤ የሚችለው ፈረመ፣ የማይችለው ጣቱን አተመ። ተራዬ ሲደርስ ሰብሳቢው ሳይጠይቀኝ እጄን ያዘና ወደ ቀለሙ ሳበው።

«እማማ፣ ጣትዎን ብቻ ይስጡኝ። አይድከሙ።»

«እጄን ልቀቅ። እስክሪብቶውን ስጠኝ።»

«ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!»

«ይጠብቅ። ዩኒቨርሲቲ እየጠበቀ አይደል የሚኖረው?»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ሰጠኝ። መጻፍ የተማርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ሳጭድ አርፍጄ፣ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ መሬት ላይ ተቀምጬ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ተምረሽ ለማን ልትጽፊ ነው?» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ብዙ አልጻፍሁም። የልጆቼን የክርስትና ቀን ጽፌያለሁ፣ የማኅበር ተራ ጽፌያለሁ። በዚያ ቀን ግን ለመንግሥት መጻፌ ስለ ነበር ፊደሎቼን አንድ በአንድ አስቀመጥኋቸው። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም። ከኋላዬ የቆመችው ጎረቤቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አንች፣ ዳዊቱን በሙሉ ልትገለብጭው ነው እንዴ? ፀሐዩ ፈጀን!»

«ዝም በይ፤ ያንችም ተራ ይመጣል።»

«የኔማ አጭር ነው። አባቴ ስም ሲያወጣልኝ በሬ ጠፍቶበት ቸኩሎ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ጻፈች። ከእሷ በኋላ አብረውን የተማሩ አራት ሴቶች እስክሪብቶውን ተቀባበሉ። የአንደኛዋ ፊደል ከመስመሩ ወረደ፤ ቢወርድም የሷ ነው። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጥ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች። ኮሚቴው የአቤቱታውን ወረቀት ሰው ሁሉ እንዲያየው በቴሌግራም ለቆት ኖሯል። ክራቫት አሥረው፣ ወረቀቱን እንደ ታቦት ከፊታቸው ይዘው የተነሡት ፎቶም አለበት።

«እማዬ፣ ስምሽ አለ!»

«እስቲ አሳዪኝ።»

በጣቷ አሰፋችልኝ። ስሜ አለ። ፊደሉ ግን የጸሐፊው ነው። ከጎኑ ጥቁር የጣት አሻራ ተቀምጧል። የጎረቤቴም፣ የአራቱም ሴቶች እንዲሁ ነው። ገጹን እንደገና ገልብጠው ጽፈውታል ማለት ነው። አሻራዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ስድስቱም መሐላቸው ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ጠባሳ አለባቸው። ስድስት ሴት አንድ ጣት!

«ምን አለበት እማዬ? ዋናው ስምሽ መኖሩ ነው» አለችኝ የልጅ ልጄ።

«ፈተና ላይ ያንችን መልስ ሌላ ሰው ቢጽፍልሽ ዋናው ስምሽ መኖሩ ነው?»

አሻራዎቹን እንደገና አሰፋቻቸው።

በማግሥቱ በማለዳው ሚኒባስ ንፋስ መውጫ ወጣሁ። ኮሚቴው በተዋሰው ክፍል ውስጥ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ብቻ ነበሩ። ሰብሳቢው ከወንበሩ ሳይነሣ «በሰላም ነው እማማ?» አለኝ።

«በሰላም አይደለም። ፊርማዬ የት ሄደ? የስድስታችንም በእጃችን እንደ ጻፍነው ይመለስልን።»

«አዬ፣ እሱማ ዝናብ ነካው። ገጹ ረጠበና ቀለሙ ፈሰሰ።»

«የምን ዝናብ? እህላችን ገና አውድማ ላይ ነው። ዝናብ ጥሎ ቢሆን እኔ እዚህ ቆሜ ነበር ወይስ ገብሴን ሳነሣ ነበር?»

ሹም ሆኖ የኖረ ሰው ውሸቱን እንኳ በወቅቱ መምረጥ አያውቅም። ቀጠለና ጽሑፋችን አይነበብም አለ። ስልኩን እንዲያወጣ፣ በሌላ ገጽ ላይ የፈረመውን የአንዱን ሀብታም ፊርማ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። ፊርማው የተበተነ ክር ይመስላል፤ ማንም አልነካውም። ይህን ጊዜ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ብድግ አለ።

«በሕግ አምላክ!» አልሁት።

ይህን ቃል የሰማ ሰው ሹምም ይሁን ሌባ ባለበት ይቆማል፤ አባቶቻችን የተዳኙት በዚህ ነው። እሱም የአገሩ ልጅ ነውና እግሩ እምቢ አለው።

«አውራ ጣታችሁን አሳዩኝ።»

ሰብሳቢው ጣቱን ዘርግቶ ሳቀ። ጸሐፊው እጁን ከጠረጴዛው ሥር አስገባ።

«አውጣው ልጄ።»

አወጣው። ማጭድ የቆረጠው የልጅነት ጠባሳ መሐሉ ላይ ነበር። እንደ እኔው ያጨደ የገበሬ ልጅ ነው፤ ይህ የበለጠ አናደደኝ።

«ለምን?»

ሰብሳቢው ቀድሞት መለሰ። «የበላይ አካል ልቡ እንዲራራ ነው እማማ። ሕዝቡ ምን ያህል እንደ ተጎዳ በዓይኑ እንዲያይ።»

«አባቴ ጎረቤቱን በድሎ ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ ሰው ነው። እኛ ማንን በድለን ነው የምትጭኑብን? የሚገባንን ልንጠይቅ ነው የላክናችሁ፤ ልትለምኑብን አይደለም።»

«እርስዎ አሠራሩን አያውቁትም።»

«አንተ ስታውቀው ይኸው ዩኒቨርሲቲውን ይዘህልን መጣህ!»

ወደ ጸሐፊው ዞርሁ። «አንተ አስተማሪ ነህ። ሴት ስሟን መጻፏ ለዩኒቨርሲቲ ምን ያበላሻል? ይህን ንገረኝና እሄዳለሁ።»

ጸሐፊው ሰብሳቢውን አየው፤ ሰብሳቢው በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ጸሐፊው ጣቱን በሌላው እጁ ሸፍኖ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ወረቀቱ ገብቷል እማማ፤ አይመለስም። እውነቱን ከፈለጉ፣ አያቶቹ እንኳ መጻፍ ይችላሉ ብለን ብናሳያቸው፣ ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርግላችኋል ይሉናል ብለን ነው።»