ሁሩታ የተተከለው ድንኳን

ሥራዬ አሰላ ቢሮ ተቀምጦ ሰው መከታተል ነው። ሰላይ እንዳልመስላችሁ! የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ለባለሱቆች ለአንድ ወር በነጻ እናስሞክራለን፤ ማን ከፈተው፣ ማን ረሳው የሚለውን እኔ ከላፕቶፔ ላይ አያለሁ። በዚያ ወር ካስሞከርኳቸው ሁሉ በየቀኑ የሚከፍቱት የሁሩታው ባለሱቅ አቶ ታደሰ ብቻ ነበሩ። አንድ ሰው እንኳ ካልገዛ ቢሮውን እንደሚዘጋው አለቃዬ አስጠንቅቆኛል።

ሙከራው ሊያልቅ ሲል እሳቸውም ሦስት ቀን ሳይከፍቱት ቀሩ። ስልካቸውም አይነሳም። በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሁሩታ ወረድኩ።

ሱቃቸው ደጃፍ ላይ የዕድር ድንኳን ተተክሏል፤ ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ላፕቶፔን ጃኬቴ ሥር ደብቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

«ዘመድ ነህ?» አሉኝ አጠገቤ ያሉት አዛውንት።

«ደንበኛዬ ነበሩ» አልኩ። «እንደ አቶ ታደሰ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? እግዜር ነፍሳቸውን ይማር።»

አዛውንቱ አፋቸውን ከፍተው ከኔ በስተኋላ ተመለከቱ። ዞር ስል አቶ ታደሰ ወንበር ተሸክመው ቆመዋል።

«እርስዎ... ታዲያ ድንኳኑስ?»

«የዕድራችንን ድስትና ወንበር በአንተ ሶፍትዌር ከመዘገብኩ ወዲህ አንድ ማንኪያ እንኳ አልጠፋብንም። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኬን ቤት ጥዬ፣ እየዞርኩ የከተማውን ዕድር ዳኞች ስጠራ ነበር፤ ይኸው መጥተዋል። በል ተነስና አሳያቸው ልጄ፤ ድንኳኑን የተከልነው ላንተ ነው!»