በስሜ የተገዛው ሶፋ

እዚህ አሜሪካ፣ ሂሊያርድ በሚባል ሰፈር ያለው የአፓርታማ ቢሮ የኪራይ ማመልከቻዬን የመለሰብኝ የዱቤና የብድር ታሪኬ በሚመዘገብበት ክሬዲት ሪፖርቴ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ አለ ብሎ ነው። እኔ ከሰፈር ሱቅ ስኳር እንኳን በዱቤ ወስጄ የማላውቅ ሰው ነኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሦስት ሴቶች ጋር ተዳብዬ ነው የምኖረው። ቤት ካላገኘሁ የት ላስገባት ነው?

ሪፖርቱን አስወጥቼ ሳየው፣ በሩን ረግጬው ከማላውቅ የቤት ዕቃ መደብር በስሜ ዕቃ በዱቤ ተገዝቷል። መጀመሪያ የደወልኩት ለእትዬ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ከኤርፖርት የተቀበለችኝ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ የሚባለው መንገድ አጠገብ ባለው ቤቷ አንድ ዓመት ያኖረችኝ ሴት ናት። አንቱ ስላት «አንቱ አትበይኝ፣ ልጄ አይደለሽ?» ብላ አስተወችኝ። ሥራም ዱቤም የሚጠየቅበት ቁጥሬ ያለበት የሶሻል ካርዴ በፖስታ ሲመጣም «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ከራሷ ወረቀቶች ጋር ቆለፈችልኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ወረቀት ሲያስቀምጥልሽ ታመሰግኛለሽ እንጂ አትጠረጥሪም።

«ተይው ልጄ፣ በራሱ ጊዜ ይጠፋል» አለችኝ።

አልተውኩትም። በዕዳ ጉዳይ በነጻ የምታማክር አንዲት ሴት ዘንድ ሄድኩ። ዕዳውን ብከፍለው እንኳን ሪፖርቴ ላይ ጠባሳው እንደማይለቀኝ ነገረችኝ። ደውሎ የሶሻል ቁጥሬን ለሚጠይቅ እንዳልሰጥ፣ የድርጅቱን ስልክ ራሴ ፈልጌ እንድደውል፣ ከዋናው ወረቀት ይልቅ ኮፒ እንድልክ አስተማረችኝ። በስሜ ሌላ ዱቤ እንዳይወጣ ክሬዲቴን አስቆለፈችልኝ፤ «ይህ ሒሳብ የእኔ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ሪፖርቱን ለሚያወጡት በአደራ ፖስታ ላክን፤ መደብሩንም የተፈረመበትን ወረቀት ጠየቅን። በዚያው ሰሞን አንዱ ደውሎ «ዕዳሽን ላጥፋልሽ፣ ሶሻልሽን ንገሪኝ» ቢለኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ስኩራራ ዋልኩ።

የመደብሩ ኮፒ መጣ። ስሜ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ የእጅ ጽሑፉን ግን አውቀዋለሁ። መጋዘን ሥራ ስጀምር ምሳዬን ሰው እንዳይወስድብኝ እትዬ የምሳ ዕቃዬ ላይ በማርከር ስሜን በእንግሊዝኛ ትጽፍልኝ ነበር። የተገዛው ሶፋ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የተኛሁበት። ወረቀቱን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሌባው የማላውቀው ሰው በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሷ ግን ተሸክማኝ ነው የኖረችው።

ሄድኩባት።

«ይሄ የእርስዎ ጽሑፍ ነው?» አልኳት። ከወረቀቱ ይልቅ አንቱታዬ ያስደነገጣት መሰለኝ።

«በኔ ስም ዱቤውን አፕሩቭ አላደርግ አሉኝ። መሬት ላስተኛሽ ነበር? ፔይ እያደረግኩ ነበር እኮ፣ የሥራ ሰዓት ሲቀንሱብኝ ነው ያቆምኩት።»

«ብትነግሪኝ እኔው እፈርምልሽ ነበር።»

እውነቴን ነው፣ እፈርም ነበር።

«አፈርኩ ልጄ» አለችኝ። «ሪፖርት ብቻ እንዳታደርጊኝ። የሲቲዝንሺፕ ኬዜ ገና ነው።»

ዕዳው እንዲሰረዝ መሙላት ያለብኝ ቅጽ ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው የምታውቂ ከሆነ ጻፊ ይላል፤ ዋሽቶ መፈረምም ወንጀል ነው ይላል። ሦስት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞርኩ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ አንዴ ልጄን አስባለሁ፣ አንዴ እሷን። በአራተኛው ቀን ስሟን ጻፍኩ። ቅጹንም በዚያው ቀን ላክሁት።

ዕዳው ከስሜ ተፋቀ፤ ቤቱን አገኘሁ፤ ልጄ መጣች። እትዬ ላይ ምን እንደደረሰ አልጠየቅኩም። ፈራሁ።

የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ሰሞን ደወለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ልጅሽ ገባች አሉኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። አድራሻሽን ቴክስት አድርጊልኝ፣ ጃኬት ገዝቼላታለሁ።»

እሺ አልኳት። አልላክሁላትም።

«ማን ናት፣ እማ?» አለችኝ ልጄ።

«የድሮ አከራዬ ናት» አልኳት።

እትዬ አንድም ቀን ኪራይ ተቀብላኝ አታውቅም።