የሚሸተው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ከአሰላ ወደ በቆጂ ስሄድ አንድ ሰው የፀረ ተባይ ጣሳ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም መሰለኝ፣ ሽታው ጉሮሮዬን ከረከረኝ። የሚኒባሱን መስኮት ከፈትኩና የአባቴን ሞኝነት አስታወስኩ። አዎ፣ ሞኝነት፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በራችን ላይ ትልቅ ብሳና ነበር፤ ሲያብብ ቀኑን ሙሉ በንብ ይጮኻል። ንቦቹ የጎረቤታችን የእማማ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ የቀረላቸው አንድ ቀፎ ብቻ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። ማር ሲቆረጥ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቀድሜ የምቀምሰው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ብሳናውን አባ ጨጓሬ ወረረው፤ ቅጠሉን ወንፊት አስመሰለው። እሁድ ደግሞ እህቴን ለጋብቻ ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የቢሮ ኃላፊ ነበርና አባ ጨጓሬ የሽማግሌዎቹ ኮት ላይ ከወደቀ ክብሩ አብሮ የሚወድቅ መሰለው።

መድኃኒት ሊገዛ ሲሄድ ተከተልኩት። ባለሱቁ አንድ ዱቄት አወጣለት። «ጋሼ፣ ይሄ ትሉን ብቻ ነው የሚገድለው፣ ንብ አይነካም። ቅጠሉን ሲበላ ነው የሚሞተው፤ ትንሽ ቀን ይታገሡት።»

አባቴ ከፍቶ አሸተተው። «የማይሸት ነገር ምን ይገድላል?» አለ። ሌላ መድኃኒት በጠርሙስ መጥቶ ሲከፈት እንባው መጣ፣ አሳለውም። «መድኃኒት ማለት ይሄ ነው!» ያን ሁሉ ዓመት ቢሮ ውስጥ ሠራተኛ የመረጠውም በዚሁ አፍንጫው ሳይሆን አይቀርም።

እማማ አጥሩ ድረስ መጥተው ለመኑት። «ያ ረቢ! ወንድሜ፣ መጀመሪያ አበባው ይርገፍ። ካልሆነም አመሻሽ ላይ፣ ንቦቹ ሲገቡ ርጨው።»

«ለንብ ብዬ እንግዳ ላሳፍር እማማ?» አላቸው። መርጫውን አዝሎ በጠራራ ፀሐይ ረጨው።

ማታ የብሳናው ሥር በሞተ ንብ ጠቁሮ ነበር። እማማ በሰፌድ ሰበሰቡት። አላለቀሱም፣ አልተራገሙም። የሚንቀሳቀስ ሲያገኙ መዳፋቸው ላይ አድርገው እፍ ይሉበታል።

ሽማግሌዎቹም መጡ። ግቢው ስለከረፋ አፍንጫቸውን በጋቢ ይዘው እየተጣደፉ ቤት ገቡ። ዛሬም ነገሩ ሲነሳ አባቴ «ትሉ ግን ሞቷል» ይላል፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ። እማማን አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቃቸውም። አባቴ ነው፣ ግን በዚህ እንቀዋለሁ።

መስከረም ሲጠባ እማማ ባዶውን ቀፎ በወይራ አጥነው መልሰው ሰቀሉት፤ አዲስ መንጋ ይገባል ብለው። አልገባም። በየዓመቱ አጠኑት፣ በየዓመቱ ባዶ ቀረ።

ኮሌጅ ልገባ እማማን ልሰናበታቸው ስሄድ ከባዶው ቀፎ ሥር ተቀምጠዋል። ከሩቅ ጮክ ብዬ ጠራኋቸው። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በይ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ንቦቹ ድምፅ ከሰሙ ይሸሻሉ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩና በሹክሹክታ ተሰናበትን።