ሽታው የደረሳት ጎረቤት

እዚህ ስደት አገር፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ውስጥ የምረዳቸው አሮጊት ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ትውልዳቸው ቼክ ነው፤ በልጅነታቸው አገራቸውን ጀርመኖች ይዘውት ነበር። እኔ «እማማ» ነው የምላቸው፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ በስማቸው ብጠራቸው ይቆጣሉ።

በኢድ ማግስት የበግ ጥብስ ይዤላቸው ሄድኩ። ሳሞቀው ሽታው ኮሪደሩን ሞላው።

«ለጎን ቤቷ ሴትዮ ሰጠሻት?» አሉኝ፣ ሹካ ሳያነሱ።

«ለእሷ? ባለፈው በምግባችን ሽታ ኮምፕሌይን ያደረገችብን እኮ ናት!»

ሳህኑን ገፋ አደረጉት። እናቴም ወሎ እያለን ሽታው የደረሰው ጎረቤት ሳይቀምስ አታስበላንም ነበር። ሶ፣ አፈርኩና ቀንሼ ሰጥቻት ተመለስኩ። ያኔ ነው ታሪኩን ያወጉኝ።

በዚያ ዘመን በመንደራቸው የማይቆጠር ነገር አልነበረም፤ አሳማው፣ ላሟ፣ እንቁላሉ ሳይቀር። ዳቦ በኩፖን ነው። «ዶሮዎቻችን ጀርመንኛ ተምረው እንቁላሉን ራሳቸው ያስረክባሉ» እየተባለ ይቀለዳል፤ ቀልዱም ግን ሰው ታይቶ ነው። በየሬዲዮው ማዞሪያ ላይ «የውጭ ጣቢያ የሰማ በሞት ይቀጣል» የሚል ካርድ ተንጠልጥሏል፤ አባታቸው ካርዱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ይሰማሉ። የተገደሉ ሰዎች ስም በቀይ ወረቀት ሲለጠፍ፣ ሰዉ ቆሞ ያነብና ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። ልጆች የተጠየቁትን ሁሉ «አላውቅም» ማለት ለምደዋል።

አንድ በረዶ የጣለ ሰሞን የእማማ እናት ያላስመዘገቡትን አሳማ በድብቅ አሳረዱ። ቢያዙ ሊገደሉ ይችላሉ።

«እሪ! አሳማ!» ብዬ አፍንጫዬን ያዝኩ።

«ሥጋው ይቅርብሽ፣ ወሬውን ብቻ ብዪ» ብለው ሳቁ።

በእነሱ ወግ አሳማ ያረደ ሰው ለየጎረቤቱ ሾርባ ይልካል። ያን ቀንም አልቀረም፤ ትንሿ እማማ በካፖርታቸው ሥር እየደበቁ አደረሱ። አንድ ቤት ብቻ ታለፈ። እዚያ ያለችው ባሏ የሞተባት፣ ለጀርመን ወታደሮች ልብስ የምታጥብ ሴት ናት። ትጠቁምብናለች ብለው ፈሯት። እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም። ልጇ የእማማ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አላናገረቻቸውም።

«ልጅቷ ዛሬም በሕይወት አለች» አሉኝ። «ስልኳ እጄ ከገባ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ይቅርታ ሳልጠይቃት መሞት አልፈልግም። ብትዘጋብኝስ?»

«ካልደወሉላትማ እርስዎ እንደዘጉባት ነው» አልኳቸው። ተቆጡኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከመጽሐፍ መሃል አውጥተው ሰጡኝና ደወልኩላቸው።

ማዶ ወፍራም የአሮጊት ድምፅ ተሰማ። እማማ በቋንቋቸው ተናገሩ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። እንባቸው ወረደ። ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው በእንግሊዝኛ ነገሩኝ።

«ሽታው ቤታቸው ደርሶ ነበር። እናቷ ግቢያቸው ውስጥ የዝይ ላባ አቃጠለች፤ የጀርመን ዘበኞች ሲያልፉ ግማቱ እንጂ ሾርባችን እንዳይሸታቸው ብላ።»

«ይቅር አለችዎት?»

«‹እናቴ እስክትሞት አልረሳችውም› ነው ያለችኝ። ‹ከጀርመኖቹ ይልቅ ያስለቀሳት የእናንተ ሾርባ ነው› አለችኝ።»

ስልኩን መልሰው ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። ማዶ ያለችው ሴት ግን ስልኩን አልዘጋችም። ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀች። እማማ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ምን አለች?»

«ገብስ ነበረበት ወይ አለችኝ።»

ከዚያ ስለ ሾርባው አሠራር ይነግሯት ጀመር። እሷ ትጠይቃለች፣ እማማ ይመልሳሉ፤ ስትጽፍ ነው መሰለኝ መሃል ላይ ቆም ብለው ይጠብቋታል። የገብሱን ልክ ሲነግሯት፣ እንደማታያቸው ረስተው፣ እፍኛቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉት።